በሙሉ ድምፅ

በጤና ጉዳይ ወሳኙ ሕዝብ ነው። የሚጠራጠር ካለ የቀበሌውን ቃለ ጉባኤ ገልጦ ይይ፤ ብዙውን ጊዜ ከስብሰባው ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን እንውሰድ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አባልነቱ በፈቃደኝነት ነበር። ፈቃደኝነት ደግሞ ዕቅድ አለው፤ ወረዳው ለቀበሌው ያወርድለታል፣ ቀበሌውም በየቤቱ እየዞረ ይሰበስበዋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ነዋሪው ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት የውጤት ካርድ ነው። ስለ ባለሙያው አክብሮት፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ አምቡላንሱ፣ ስለ ንጽሕናው። ሐሳቡ ግሩም ነው (ያለ ሽሙጥ ነው የምለው)። ችግሩ ውጤቱ ላይ ውይይት የሚደረገው ከጤና ጣቢያው ሰዎች ጋር ፊት ለፊት መሆኑ ነው። ነገ ልጇን ትኩሳት ቢይዘው የምትሄደው እነሱው ዘንድ የሆነች እናት ታዲያ ምን ታድርግ? ከግል ፋርማሲ እንድትገዛ የተጻፈላትን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ፣ ለመድኃኒት አቅርቦት «በጣም ጥሩ» ትሰጣለች።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «እጃችሁን ታጠቡ ትሉናላችሁ፣ ውኃው የታለ?» ይላሉ እንበል። ሰብሳቢው፣ «አባባ፣ እናመሰግናለን፤ እንደ ግብዓት ወስደነዋል» ይላል። ጸሐፊው ጥያቄውን «የድጋፍ አስተያየት» በሚለው ሥር ያሰፍረዋል። ድምፅ ይሰጣል። ተቃውሞ የለም። ድምፀ ተአቅቦ አንድ፤ እሱም ሞባይሉን ቻርጅ ሊሰካ የወጣ ሰው ነው።