ዜሮው የት ሄደ?

ፍሬዛ፣ ማለትም ብረት መፈልፈያ ማሽን፣ ያለን ሰዎች ስንገናኝ የምናወራው ስለ ዜሮ፣ ልኬት ስለምንጀምርበት ነጥብ ነው። ዜሮው ጠፋ። ዜሮው ተንሸራተተ። ዜሮውን ሰው ነካው። ሌላው ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ያማርራል፤ እኛ ስለ ዜሮ አማርረን ጊዜ ከተረፈን ነው ኑሮ ውድነቱን የምንጨምርበት።

የአሮጌ ፍሬዛ ነገር የታወቀ ነው። እጀታው ላይ ቁጥር የተቀረጸበት ቀለበት አለ፤ ጠረጴዛው ስንት እንደተጓዘ ይናገራል። ይናገራል እንጂ አይታመንም። ጠረጴዛውን የሚገፉት ቪቴውና ዳዶው ዕድሜ ልካቸውን ሲፋተጉ ተበልተው በመካከላቸው ክፍተት ፈጥረዋል። እጀታውን ወደ ቀኝ አዙረን መልሰን ወደ ግራ ስናዞረው ቀለበቱ ይሄዳል፣ ጠረጴዛው ባለበት ቆሞ ያየናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ መምጣት፣ ካለፍን ርቆ ተመልሶ እንደገና መምጣት፣ ዙር መቁጠር ነው። ቆጠራው መሀል ላይ አንዱ «ሻይ መጣ!» ይላል። ሰባት ነበር ስምንት? የኢንች ማሽን የደረሰንማ አይነሳ። አንድ ሙሉ ዙር 0.200 ኢንች ነው፣ ማለትም 5.08 ሚሊሜትር። ሥዕሉ በሚሊሜትር፣ መቁረጫው በሚሊሜትር፣ ደንበኛው በሚሊሜትር። ግድግዳችን በእርሳስ በተጻፈ የ25.4 ማባዛትና ማካፈል ተሞልቷል፤ ቀለም ሊቀባ የመጣ ሰው የትምህርት ቤት ግድግዳ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ዲጂታል ማሳያ ገጥሞ መገላገል ነበር። ፋብሪካ የሠራው፣ ባለመስታወቱ፣ 0.005 ሚሊሜትር የሚለየው አለ። ዋጋውን እንጠይቃለን፣ እናመሰግናለን፣ እንወጣለን። ከዚያ ርካሽ ዲጂታል ካሊፐር ገዝተን ራሳችን እንሠራለን። መከራችንም እዚህ ላይ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ቁመቱ አይበቃም። ካሊፐሩ 150 ሚሊሜትር ነው፣ የጠረጴዛው ጉዞ የዚያ ብዙ እጥፍ። ቀጥሎ መንጋጋው መቆረጥ አለበት። በመጋዝ እምቢ ይላል፣ በግራይንደር ስንነካው ይግላል፤ መለኪያው ደግሞ ብረቱ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ስስ ሰሌዳ ስለሆነ ሙቀት አይወድም። ቆርጠን ስንጨርስ ማሰሪያው ይመጣል። ላሜራ ከምናለሽ ተራ ይገኛል፤ ችግሩ ቀዳዳው ነው። ካሊፐሩ ከጠረጴዛው ጉዞ ጋር ትይዩ ካልቆመ ይዋሻል፣ ትይዩ እንዲቆም የማሰሪያው ቀዳዳዎች ልክ ቦታቸው ላይ መበሳት አለባቸው፣ ልክ ቦታቸው ላይ ለመብሳት ደግሞ ዲጂታል ማሳያ ያለው ፍሬዛ ያስፈልጋል።

ባትሪውን ግን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ርካሹ ካሊፐር በአንዲት የቁልፍ ባትሪ ይሠራል፣ 1.5 ቮልት። ማታ እናጠፋዋለን። ጠፋ የምንለው እኛ ነን፤ የሚጠፋው መስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ ውስጡ ሌሊቱን ሙሉ መቁጠሩን አይተውም፣ ባትሪም ይበላል። ስናጠፋውም ይበላል፣ ስናበራውም ይበላል። እሺ፣ ከመብራት እናገናኘው አልን፤ ለሦስቱ አቅጣጫ ሦስት ካሊፐር፣ ሁሉም ከአንድ 1.5 ቮልት። የእነዚህ ካሊፐሮች የብረት አካል ግን የተገናኘው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ነው። ብዙው መሣሪያ አካሉን ኔጋቲቭ ሲያደርግ እነሱ ፖዘቲቭ አደረጉት። ኔጋቲቩ አካሉን ከነካ ሌላ መሣሪያ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ በብሎን ሲታሰሩ የሚሆነውን የሞከረ ያውቀዋል፤ ያልሞከረ የፊውዝ ሽታ ያስተምረዋል። የመረጃ መውጫው ደግሞ አራት ጥቃቅን የመዳብ ነጥብ ነው። የሚሰካበት መሰኪያ? ሱቅ ዞረን አጣነው። ገመዱን በላዩ ላይ መበየድ ነው፣ በማጉያ መነጽር፣ ትንፋሽ ይዞ።

ይህ ሁሉ አልፎ ይሠራል። ቁጥሩ ሲያምር! 37.42። የመጨረሻዋ አሃዝ በአብዛኛው ለጌጥ ናት፤ አምራቹ ራሱ ከ0.02 እስከ 0.03 ሚሊሜትር ልሳሳት እችላለሁ ይላል። ቢሆንም ደስ ይለናል። ከዚያ ሞተሩን እናስነሳለን። ባለሦስት ፌዝ ሞተር በአንድ ፌዝ ሰፈር በኢንቨርተር ስለሚነዳ፣ ኢንቨርተሩ ሲጮህ ቁጥሩ እስክስታ ይወርዳል። ጠረጴዛው ፍንክች አላለም፣ ቁጥሩ ግን ሸዋን አቋርጦ ጎጃም ገብቷል። ገመዱን በቆርቆሮ ሸፍነን ስናረጋጋው የማቀዝቀዣው ውሃ ይረጫል። ውሃው ሲደርቅ የብረት ብናኝ ተንሸራታቹ ሥር ይገባል። ብናኙን በብሩሽ ስንጠርግ መብራት ይሄዳል።

መብራት መሄዱንስ ለምደነዋል። ያልለመድነው መምጣቱን ነው። ሲመጣ ሦስቱም ማሳያ በአንድ ድምፅ 0.00 ይላሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ሞርሳው ላይ ግማሽ የተሠራ ጊር እንደሌለ። ጠርዙን እንደገና መፈለግ፣ ግማሹን ከርቀት አስልቶ መገመት፣ መጸለይ። መብራት ባይሄድ እንኳ ጎረቤት አለ። ጎረቤት ይገባል፣ «ይቺ ደሞ ምን ታደርጋለች?» ይላል፣ ሲጠይቅ ግን በጣቱ ነው የሚጠይቀው። ካሊፐሩ ላይ ከዜሮው አጠገብ ሚሊሜትርን ወደ ኢንች የሚለውጥ ቁልፍ የተቀመጠው በየትኛው ብልህ ሰው ምክር እንደሆነ እንጃ። ጎረቤቱ ይሄዳል፣ እኛ 40 ሚሊሜትር ፈልገን 1.575 ላይ አፍጥጠን እንቀራለን።

ደንበኛውስ? ከሶማሌ ተራ የተሰበረ ዕቃ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ቀዳዳው ተበልቶ እንቁላል ሆኗል። «ልክ እንደዚህ፣ ትንሽ ጠበቅ ይበል» ይላል። ስንት? «ያው ትንሽ ነዋ!» የቁጥር ነገር እዚህ ያበቃል። ዋጋ ስንነግረው ዓይኑን ሦስቱ ማሳያዎች ላይ ይተክልና ቅር ይለዋል፦

«አሁንማ ኮምፒውተር አስገብታችሁ የለ? እሱ አይደል እንዴ የሚሠራው? ቀንሱ እንጂ!»