ጎመኑም ጤናውም

«አባባ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያዘውትሩ» አለችኝ የጥርስ ሐኪሟ፣ የመጨረሻ መንጋጋዬን ነቅላ ሳህኑ ላይ ቃ ካደረገችው በኋላ። በምኔ ላኝከው፣ ልጄ?

ቫይታሚን ሲ ሲያንስ ድድ ይደማል፣ ቁስልም ቶሎ አይሽርም አለችኝ። ይህንንማ በ1747 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሊንድ የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም በስከርቪ ለታመሙ መርከበኞች ብርቱካንና ሎሚ አብልቶ አሳይቷል። መርከበኛ እንኳ ባሕር ላይ ነው፣ ጎመን ከየት ያምጣ ይባልለታል። እኔ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምን ልበል?

ሠፈራችን ሳይፈርስ ጓሮዬ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ኮክና ዘይቱን ነበረው። ሽሮው ሲንተከተክ ባለቤቴ ወጣ ብላ ጎመን ቀንጥሳ ትገባለች፤ ማን ሒሳብ ጠይቋት! ዛሬ በረንዳችን ላይ ያለው በዘይት ጀሪካን የበቀለ ጤና አዳም ብቻ ነው። እሱም ለቡና እንጂ ለድድ አልሆነም።

አትክልት ተራም አንድ ቦታ መርጋት አቃተው። በ2012 ኮሮና መጣ ተብሎ ከፒያሳ ጃንሜዳ ገባ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ነጎደ። ቀጥሎ ቢሾፍቱ ገባ ቢሉኝ አልደነቅም። ቆስጣው ስንት ደላላ፣ ስንት እጅ አልፎ የኛ ጉልት ሲደርስ ጠውልጓል። ዋጋው ግን አይጠወልግም።

ከረሜላ ግን የትም አልሄደም! ደረጃው ሥር ያለው ሱቅ ሌሊትም ብታንኳኳ ብስኩትና ለስላሳ አያጣም። የልጅ ልጄን የፊት ጥርሶች ብታዩ፣ ገና ሳይነቃነቁ ጠቁረዋል። አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ስኳሩን እየበላ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ ጥርስ ይቦረቡራል። ብርቱካን አምጡለት ስል «ተወዷል» ይሉኛል። ጥርስ ማስሞላቱ ረክሶ ይሆን?

«ጥርስ ለሌለው ጁስ ነው» ብሎ ልጄ ጁስ ቤት ወሰደኝ። አቮካዶው ከስኳር ጋር ተፈጨ፣ ቀይ ሽሮፕ ተደፋበት፣ ማንኪያ ተሰካበት። ይህ መድኃኒት ነው? እቤትስ ቢሆን ካሮቱ ስለሚያስቸግረኝ ዳቦ በሻይ እየነከርኩ እውላለሁ፤ ሻዩም ያለ ስኳር አይወርድልኝም። ደሜ ውስጥ ስኳሩ ሲጨምር ደግሞ ድድ ይባስ ይታመማል አሉ። ጥርስ ሲሄድ ጎመን ይቀራል፣ ጎመን ሲቀር የተረፈውም ጥርስ ይከተላል፤ ማንን እንክሰስ?

ትናንት ባለቤቴ አዘነችልኝና «ካሮት ፈቅፍቄ ላብላህ» አለች። ኪሎው ስንት እንደገባ ስጠይቃት ነገረችኝ። ከቀሩኝ ጥርሶች አንዱ እዚያው ተነቃነቀ።