ቆጣቢው ተኳሽ

አሜሪካ ውስጥ ጥይት በገዛ እጁ ከሚሞላ ሰው ጋር ያወጋ ሁሉ የመጀመሪያዋን ቃል ያውቃታል፦ «ወጪ ለመቀነስ ነው»። የፋብሪካው ጥይት ተወዷል፤ ቀለሃው ደግሞ ናስ ነው፣ አንዴ ተኩሰው የሚጥሉት ዕቃ አይደለም። መለኮሻውን መቀየር፣ ባሩድ መጨመር፣ እርሳሱን አፉ ላይ መትከል፣ አለቀ። እውነት ነው። ደረሰኞቹ እስኪደመሩ ድረስ።

እኔን የሚገርሙኝ ወገቡ ላይ የሚሰበረው ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ወዳጆች ናቸው። ይህ ጠመንጃ ቀለሃውን ሣር ውስጥ አይወረውርም፤ ከፈት አድርገው በጣታቸው ይመዙታልና አንድም ናስ አይጠፋባቸውም። ዝናር ሙሉ የሚጨርስ ሰው ቢሞላ ይገባኛል። እነዚህ ግን ለኅዳር አጋዘን ለምትተኮሰው አንዲት ጥይት ሲሉ ብርዱን ሙሉ ምድር ቤት ሲመዝኑ ይከርማሉ።

ሚዛናቸውን ያየ ወርቅ አንጣሪ ቤት የገባ ይመስለዋል። ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው፤ አንድ ፓውንድ 7000 ግሬን ይሆናል። እነርሱ የግሬን አንድ አሥረኛ፣ 6 ሚሊግራም ገደማ፣ ከተዛነፈ መልሰው ይገለብጡታል። (በባሩድ እንኳ መጠንቀቃቸው ደግ ነው፤ ሲበዛ የሚፈነዳው የራስ ፊት ላይ ነው።) ታዲያ ጫካ ተገብቶ አጋዘኑ ብቅ ሲል ጠመንጃው አልዘጋም ይላል። ተሰባሪ ጠመንጃ እንደ ባለ መቀርቀሪያው ጥይቱን ገፍቶ የሚያስገባበት ጉልበት የለውማ! ባለፈው ተኩስ ያበጠ ቀለሃ ወደ ልኩ በደንብ ካልተመለሰ፣ የፀጉር ያህል ትርፍ ይገትረዋል። ባሩዱን በሚሊግራም የመዘነው ሰውዬ፣ ጥይቱ ጠመንጃው ውስጥ ይገባ እንደሆነ ቤቱ ሳለ መሞከር ረስቷል። አጋዘኑም ሥራ አለው፣ ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ተሰባሪ መሣሪያ፣ የቶምሰን ሴንተር ኮንቴንደር፣ ደግሞ የባሰውን አመጣ። መሣሪያው አንድ፣ በርሜሉ ግን ተፈትቶ የሚቀየር። «እኔ ያለኝ አንድ ብቻ ነው» እያለ ሰውዬው ስምንተኛ በርሜል ይገዛል። አንዱ፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1873 ለታጠቀው 45-70 ጥይት፣ ሌላው ለ30-30። እያንዳንዱ የራሱን ቀለሃ ማስተካከያ ብረት፣ የራሱን እርሳስ፣ የራሱን ባሩድ ይሻል።

እ.ኤ.አ. በ2020 መለኮሻ ከየሱቁ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ሲነካ ቁጠባው ከፍጹምነት ደረሰ። በእኛ አገር የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጎን ገበያ ላይ ሲመነዘር ኖሯል፤ ያን ጊዜ ጥይት ያከማቸ ቢያንስ በርበሬ ይገዛበት ነበር። ይኸኛው ካርቶን ሙሉ መለኮሻ ቆልፎበት፣ እንዳያልቅበት ብሎ መተኮሱን ተወ።

አንዷ ጥይት ስንት እንደወጣባት ጠይቁት፤ ሳያስብ በሳንቲም ይነግራችኋል። የጥይት መሙያ መጭመቂያው፣ ሚዛኑ፣ በርሜሎቹ ሒሳቡ ውስጥ የሉም። እነርሱ አንዴ የሚገዙ ናቸው። በፖስታ እየመጣ ያለው ዘጠነኛውም እንዲሁ።