መሸኛ ከሟች

ብራውዘር መቀየር የሁለት ጠቅታ ሥራ ነው ይሉናል። እውነት ነው። ቡክማርኮቹ አንድ ፋይል ውስጥ ተጠቅልለው ይወጣሉ። ፋይሉን በኖትፓድ የከፈተ ሰው ግን አናቱ ላይ «ኔትስኬፕ» የሚል ስም ያገኛል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ድጋፉ የተቋረጠ ብራውዘር! ሟቹ እስከ ዛሬ መሸኛ ይፈርማል።

የፓስወርዶቹ ጉዞ ደግሞ ይብሳል። «ትልቅ ፊደል ጨምር፣ ቁጥር ጨምር፣ ምልክት ጨምር» እየተባልን ያጠርነው አጥር ሁሉ ከክሮም ሲወጣ ሲኤስቪ የሚባል እርቃኑን የቀረ ሰንጠረዥ ይሆናል፦ የድረ ገጹ አድራሻ፣ የተጠቃሚው ስም፣ ፓስወርዱ፣ ጎን ለጎን። ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም፤ በኤክሴል የከፈተው ሁሉ ያነበዋል። ክሮምም ይህንኑ ያስጠነቅቃል፤ አስጠንቅቆ ያስረክባል። ፋይሉም ሥራውን ጨርሶ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ፣ በሠርግ ጥሪና በሲቪ መሃል፣ ተደላድሎ ይተኛል። የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነማ ለቀጣዩ ተረኛ የተተወ ውርስ ነው።

ከክሮም ተማርረው ወደ ኤጅ የሚሰደዱትስ? ኤጅ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቆመው ክሮም በቆመበት በዚያው በክሮሚየም ላይ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል ያልሰማ ሰው ግን ሴቲንግ ሲያስተካክል ያመሻል። አዲሱ ብራውዘርም ገና ከደጃፉ «ዋናው ብራውዘርህ ልሁን?» ይላል፤ ትውውቅ ሳይኖር ሽምግልና።

ለማንኛውም ቡክማርኮቹ በሰላም ገብተዋል። «በኋላ የሚነበብ» የተባለው ፎልደርም አንድ ሊንክ ሳይጎድልበት፣ አንድም ሳይነበብለት ደርሷል።