ዋጋው ብቻ የተጠናቀቀ ጨዋታ

ንግድ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ሻጭን ሲያስጨንቅ የኖረ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም ዕቃ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ተሠርቶ ማለቅ አለበት የሚለው ነው። ሻጭን ከዚህ ቀንበር የማላቀቅ ክብር የደረሰው ለቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች፣ በተለይም «ኢንዲ» ለሚባሉት ነው። ኢንዲ የሚባሉት የትልልቅ አሳታሚ ኩባንያዎች ገንዘብም ሆነ ትእዛዝ ሳይኖርባቸው፣ ብቻቸውን ወይም ጥቂት ሆነው ተሰባስበው ጨዋታ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ብዙ ውብና ደፋር ሥራዎች ከእጃቸው መውጣታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ከሁሉም የላቀው ፈጠራቸው ከጨዋታዎቹ አንዱ ሳይሆን፣ ያላለቀን ጨዋታ አለማለቁን በግልጽ እየተናገሩ መሸጥ መቻላቸው ነው።

የዚህን ፈጠራ ጥልቀት ለመረዳት ወደ ቀድሞው ኋላቀር አሠራር መለስ ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን አንድ ጨዋታ «አልፋ» በሚባለው ደረጃ፣ ማለትም ብዙ ክፍሎቹ ገና ሳይገቡለት፣ እንዲሁም «ቤታ» በሚባለው ደረጃ፣ ማለትም ክፍሎቹ ገብተው እንከኖቹ ሳይለቀሙለት፣ ብዙውን ጊዜ ከሠሪዎቹ ቤት አይወጣም ነበር፤ እንከኑን የሚለቅሙትም ለዚሁ ሥራ የተቀጠሩ ፈታሾች ስለነበሩ ወር በመጣ ቁጥር ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለቤት የሆነበት ስቲም፣ ይኸውም የኮምፒውተር ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚሸጡበት ግዙፍ ሱቅ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 «ኧርሊ አክሰስ» የተሰኘውን፣ ጨዋታው በመሠራት ላይ እያለ የሚሸጥበትን ክፍል ሲከፍት ይህ ብክነት መፍትሔ አገኘ። ፈታሹ ከዚያ ወዲህ ደመወዝ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ለመፈተሽ ራሱ ይከፍላል፤ እንከን ባገኘ ቁጥርም ዝርዝሩን ጽፎ ይልካል፤ ብስጭቱን ከገለጸ ግን የአሠራሩ መንፈስ እንዳልገባው ተደርጎ ይቆጠራል። ጉልበትን በነጻ ማግኘት በታሪክ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሠራተኛው ለሚሠራበት ሰዓት መግቢያ እንዲከፍል ማድረግ ግን ከዚህ ዘመን በፊት የታሰበ አይመስልም።

የአሠራሩ ምሰሶ ማስጠንቀቂያው ነው። ሱቁ በእያንዳንዱ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ገጽ ላይ ሥራው አለመጠናቀቁንና ወደፊትም ሊለወጥ ወይም ላይለወጥ እንደሚችል ገልጾ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ደስ የማያሰኘው ገዢ እንዲታገሥ ይመክራል። ለሠሪዎችም በበኩሉ ሽያጩ ጥቂት ቢሆን ወይም ጭራሽ ባይኖር ሥራውን ለመቀጠል አቅም ከሌላቸው በዚህ በር እንዳይገቡ ጽፎ አስቀምጧል። ምክሩ እጅግ መልካም ነው፤ ሱቁም ምክሩን ከለገሰ በኋላ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ብዙውን ጊዜ 30 በመቶ የሚሆነውን ድርሻውን ይወስዳል። የማስጠንቀቂያን ኃይል በሚገባ ያሳየው ግን በቼክ ሪፐብሊኩ ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ የተሠራው ደይዚ የተባለው ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ከባድ ብልሽቶችን ለመታገሥ ዝግጁ ያልሆነ ሰው እንዳይገዛው ገጹ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ በአንድ ወር ገደማ ውስጥም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ተጠናቀቀ ተብሎ እስኪታወጅ ድረስ አምስት ዓመት ፈጀ። በትምህርት ዓለም አምስት ዓመት አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መሐንዲስ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ወር የገዛ ወጣት ምዝገባውን በዚያው ሰሞን ቢያደርግ ኖሮ ጨዋታውን ራሱ ሊጨርሰው ይችል ነበር።

ማንኛውም ሃይማኖት የሚምልበት ታቦት እንዳለው ሁሉ፣ ይህም አሠራር የሚምልበት ስም አለው፤ ማይንክራፍት ይባላል። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2009 ገና በጅምር ላይ እያለ መሸጥ ጀምሮ በኅዳር 2011 በሙሉ መልኩ መውጣቱና በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ቅጂ ከተሸጠላቸው ጨዋታዎች ቁንጮ ላይ መቀመጡ እውነት ነው። ሱፐርጃያንት ጌምስ የተባለው ቡድን ሄዲስን በታኅሣሥ 2018 በጅምር አቅርቦ በመስከረም 2020 አሳምሮ መጨረሱም እንዲሁ እውነት ነው። እነዚህ ሠሪዎች ጀምረው መጨረሳቸው ለጥበቡ ትልቅ ጉዳት አድርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዛፍና አንድ ጉድጓድ ሥሎ በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ፣ ለምን አልጨረስክም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ማይንክራፍትም እንዲህ ነበር የሚል መልስ አዘጋጅቶ ይመጣልና።

አለመጨረስን ወደ መጨረስ ለመለወጥ ሥራ መሥራት የግድ አስፈላጊ አለመሆኑን ያስተማረው ደግሞ ደብል ፋይን የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ነው። ስፔስቤዝ ዲኤፍ-9 የተሰኘው፣ በጠፈር ላይ ጣቢያ የሚገነባበት ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ረጅም የዕቅድ ዝርዝር ይዞ ለገበያ ቀረበ፤ ሽያጩ ሥራውን ለማስቀጠል ባለመብቃቱ ልክ በዓመቱ፣ ከዕቅዱ ብዙው ሳይነካ፣ «ሥሪት 1.0» ተብሎ ተዘጋ። በዘርፉ ልማድ 1.0 የሚለው ቁጥር የሚሰጠው ሥራው ሞላ ሲባል ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቁጥሩ የተሰጠው ገንዘቡ ስላለቀ ነበር። ፍኖተ ካርታ አውጥተው መንገዱን ሳይጀምሩ ደረስን ማለት ከመንግሥታት ብቻ የሚጠበቅ ችሎታ ይመስል ነበር።

ከትልልቅ አሳታሚዎች ነጻ ነኝ በማለት ገንዘቡን ከወዳጆቹ የሚሰበስበው ስታር ሲቲዝን የተሰኘው ጨዋታ ደግሞ የዘርፉ ካቴድራል ነው ቢባል ያንሰዋል። ሠሪው ክሪስ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ2012 ገንዘብ ማሰባሰብ ሲጀምር ጨዋታው በ2014 እንደሚወጣ ተነግሮ ነበር፤ በመስከረም 2022 የተሰበሰበው መዋጮ ከ500 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ጨዋታው ግን ከአሥር ዓመት በኋላም «አልፋ» ከሚለው ስሙ አልተላቀቀም። ገቢው የሚገኘው በአብዛኛው የጠፈር መርከቦችን ለተጫዋቾች በመሸጥ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ ዋጋቸው በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር፣ ሲሸጡ ከሥዕል ያላለፉ ይገኙባቸዋል። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉ አባቶች ላሚቱን በነጻ ነበር የሚያልሙት፤ እዚህ ደረሰኝ ተቆርጦላታል።

የዚህ ሁሉ ተከራካሪዎች የሚያነሱት አንድ ነጥብ ግን ሊሾፍበት አይገባም። ትንሽ ቡድን ባንክ አያበድረውም፤ አሳታሚም አያምነውም፤ ጨዋታ መሥራት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ችግሩ እውነት ነው። ሆኖም ባልተሠራ ሥራ ላይ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያኖርና ኪሳራውን የሚሸከም ሰው በንግድ ሕግ ዓለም ባለአክሲዮን ወይም አበዳሪ ተብሎ ሲታወቅ፣ ትርፍ ከተገኘ ድርሻ፣ ካልሆነም ወለድ ይታሰብለታል። የኧርሊ አክሰስ ገዢ የባለሀብቱን አደጋ፣ የፈታሹን ድካምና የደንበኛውን ሒሳብ በአንድነት ተሸክሞ ሳለ፣ ጨዋታው ሰምሮ ሠሪው ቢበለጽግ የሚደርሰው ቀድሞውኑ የገዛው ጨዋታ ብቻ ነው። ይህን ዓይነት ውል የትኛውም ባለሀብት አይፈርምም፤ ተጫዋቹ የሚፈርመው አንድ ቁልፍ በመጫን ነው።

መጠበቅ የሚያታክተው ሰው ካለ ደግሞ በፍጥነት የሚጠናቀቅም አለ። ፍንታስቲክ የተባለው ቡድን ሠርቶት በስቲም ላይ እጅግ ከተጠበቁት ጨዋታዎች አንዱ የነበረው ዘ ዴይ ቢፎር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 2023 በዚሁ በኧርሊ አክሰስ በር ወጥቶ፣ በአራተኛው ቀን ሠሪው ድርጅት ገንዘብ እንዳለቀበትና እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ጨዋታውን የሚያገናኙት ሰርቨሮችም ጥር 22 ቀን 2024 ጠፉ። ለገዢዎቹ ገንዘባቸው እንዲመለስ መደረጉ እንደ ልዩ ሁኔታ ሊቆጠር ይገባል፤ የተለመደው ሥርዓት ይህን ያህል ቸር አይደለምና። በተለመደው ሥርዓት፣ ስቲም ከሰኔ 2015 ጀምሮ በሚከተለው ደንብ መሠረት፣ ገንዘብ ምክንያት ሳይጠየቅ የሚመለሰው ጨዋታው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቁና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወቱ ነው። ደንቡ ለተጠናቀቀ ጨዋታ ተገቢ ነው፤ የተስፋ ቃሉ በሦስተኛው ዓመት ለሚፈርስ ጨዋታ ግን የ14 ቀኑ ዋስትና ገዢው ገና በተስፋ ላይ እያለ ያበቃል።

ሱቁም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ነገሩን ሳያስተውል አልቀረም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በኧርሊ አክሰስ ሥር ሆኖ ከአንድ ዓመት በላይ ምንም ማሻሻያ ያልተደረገለት ጨዋታ ገጽ ላይ፣ ሠሪዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ከነኩት ስንት ወር እንዳለፈና የሰጡት መረጃ ጊዜው አልፎበት ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ ማሳሰቢያ ይወጣል። በዚያው ገጽ ላይ ያለው የመግዣ ቁልፍ እንደ ወትሮው ይሠራል።