ከዓሣው በፊት ውኃው

በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የምንኖርባት የማውንትሌክ ቴራስ ከተማ የቧንቧ ውኃ የሚመጣው የሰልታን ወንዝ ተገድቦ ከተፈጠረው፣ ስፓዳ ከተባለው ሐይቅ ነው። የካስኬድ ተራሮች ዝናብና በረዶ የወለደው ስለሆነ ኖራ የለውም ማለት ይቻላል። ለቡና ግሩም ነው። ለጋፒ ዓሣ ግን አይመችም፤ ልጄ ደግሞ ካየቻቸው ሁሉ የወደደችው ጋፒን ነው። ኒዮን ቴትራን ብትመርጥ ኖሮ የአማዞን ተወላጅ ስለሆነ የእኛ ውኃ ይስማማው ነበር።

የመስታወት ገንዳውን ሞላን፣ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ጠብታ ጨመርን፣ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ሰካን፤ ለኖራው ሲባል የተፈጨ ዛጎል በከረጢት አድርገን ማጣሪያው ውስጥ አኖርን። ዓሣ ግን አላስገባንም። ልጅቱ በየጠዋቱ ባዶውን ገንዳ እያየች ታለቅሳለች፤ እኔም አንጀቴ እየተላወሰ «ትንሽ ታገሺ» እላለሁ።

እንድንታገሥ ያደረገን ነገር እንዲህ ነው። ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደ ቀለለ ናይትሬት ያሸጋግረዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው ባዶው ገንዳ ላይ ጥቂት ጥቂት አሞኒያ እየጨመሩ ውኃውን በመመርመሪያ መከታተል ነው። ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን ገዝቶ የሚሄድ ሰው ባየሁ ቁጥር ሮጬ ብነግረው ደስ ይለኛል።

ዓሦቹ የመጡ ዕለት ከረጢቱን ሙቀቱ እስኪመጣጠን ገንዳው ላይ አንሳፈፍን፤ የገንዳውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርንበት፤ ከዚያ ዓሦቹን በመረብ አውጥተን አስገባን። የሱቁን ውኃ ደፋነው።

በኋላ የተገዙትን ለብቻቸው በሌላ ዕቃ አቆየናቸው። ደግ አደረግን፤ አንዲቱ ገላዋ ላይ ጨው የተነሰነሰባት መሰለች። የነጭ ነጥብ በሽታ ይሉታል። ተውሳኩ ቆዳዋ ውስጥ እያለ መድኃኒት አይነካውም፤ የሚሞተው ወጥቶ ከተራባ በኋላ ልጆቹ ውኃው ውስጥ ሲዋኙ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ጠፋ ተብሎ ሕክምናው አይቆምም። ዳነች።

ቡና ሲፈላ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። እንግዳ ሁሉ አንድ አንድ ቁንጣሪ መኖ ይበትናል። ልጄ «እቴቴ፣ አያብዙባቸው፤ ውኃው ይበላሻል» ስትላቸው አክስቴ «እኔ እየበላሁ እነሱ ሲያዩኝ?» አሉ። የአክስቴን ርኅራኄ እወደዋለሁ፤ ግን ከረሃብ ይልቅ የተረፈ ምግብ ብዙ ዓሣ ይገድላል። መኖውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልነው፤ ውኃውንም ሩብ ያህል ቀየርን።

ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጣና መብራት ጠፋ። በምዕራብ ዋሽንግተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ደንበኛ ጨለማ ውስጥ ገባ። ማሞቂያው ቆመ፣ ማጣሪያው ቆመ። ጋፒ 25 ዲግሪ አካባቢ ይወዳል፤ ቤቱ ይቀዘቅዝ ጀመር። አክስቴ ገንዳውን በጋቢያቸው ጠቀለሉ። ጋዝ ምድጃ ላይ ውኃ አፍልተን በጠርሙስ እያሸግን አንሳፈፍን፤ ባክቴሪያዎቹ አየር አጥተው እንዳያልቁ ስፖንጁን ገንዳው ውስጥ ከተትን፤ በኩባያ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን አፈሰስን። መኖ አልሰጠንም። አክስቴ ሌሊቱን ከዓሦቹ ጎን አልተነሡም። አንድም ዓሣ አልሞተም።

ጋፒ እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል፣ ያውም በየወሩ ገደማ። ሲበዙብን አንድ ወዳጃችን «ባሊንገር ሐይቅ ቅርብ አይደል? ልቀቋቸው» አለን። የባሊንገር ውኃ ግን በማካሊየር ጅረት ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ይወርዳል፤ የገንዳ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ መልቀቅም በሕግ የተከለከለ ነው። ከገንዳ ጋር የሚመጣው ጣጣ ዓሣው ብቻም አይደለም፤ በ2021 ሲያትል ውስጥ ለገንዳ በሚሸጥ የአልጌ ኳስ ውስጥ ዜብራ ሙስል የሚባለው ወራሪ ዛጎል ለበስ ተገኝቶ አገር ተሸብሯል።

እባካችሁ፣ ዓሣ የበዛባችሁ ወይም የሰለቻችሁ እንደሆነ ለሚያሳድግ ሰው ስጡ። ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ።