አሳታሚ፦ ደራሲው

የመጀመሪያ ልቦለዱን ጨርሶ «ለአሳታሚ ልስጠው ወይስ ራሴ ላሳትመው?» እያለ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ደራሲ ካጋጠማችሁ አደራ እንዳትስቁበት። በአንደኛው መንገድ ገንዘቡን አውጥቶ መጽሐፉን ያሳትማል፤ በሌላኛው መንገድ ገንዘቡን አውጥቶ መጽሐፉ ላይ የሌላ ሰው አርማ ያሳትማል። እንዲህ ያለ ሰፊ ምርጫ የቀረበለት ሰው ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ረቂቁን ይዞ አሳታሚ ዘንድ ቢሄድ ስለ ታሪኩ የሚጠይቀው የለም፤ ያ የሰው ጓዳ መግባት ነው። «ስንት ገጽ ይሆናል?» ይባላል። ቀጥሎ «ፌስቡክ ላይ ስንት ተከታይ አለህ?» ከዚያ የወረቀት ዋጋ ይነሳል፣ ዶላር ይነሳል፣ በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ይነሳል። (ከኪሱ አውጥቶ የሚያሳትም አሳታሚ የለም አልልም። አለ። እሱ ግን የሚፈልገው ስሙ ቀድሞ የተሸጠለትን ደራሲ ነው።)

ስለዚህ ደራሲያችን ራሱ ያሳትማል። ደግ አደረገ። ምዕራፍ ሦስት ይውጣ የሚለው የለም፤ ጀግናው ለምን ሦስት ገጽ ሙሉ ዝናብ እያየ እንደሚተክዝ የሚጠይቀው የለም።

ድሮ ይህ ነፃነት አልነበረም። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ አርታኢ ነበረው፤ ከአርታኢው በላይ ደግሞ ሳንሱር ነበር። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ያንን ዘመን የሚናፍቅ ጤነኛ የለም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሲከለክል እሰየው አልን። ችግሩ ሳንሱሩን ስንሸኝ አርታኢውም አብሮት የመጣ ዘመድ መስሎን በዚያው ሸኘነው።

የዛሬውን በጀት እንየው። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይፈልጋል፤ ይከፈላል። ሽፋን የሚሠራው ልጅ ይከፈለዋል። የደራሲው ፎቶ ከመጽሐፉ ርዕስ የሚበልጥበት ባነር አለ፤ ለምርቃቱ አዳራሽ አለ፤ በየንግግሩ መሀል የሚገባ ማሲንቆ አለ። አርታኢስ? «ጓደኛዬ አይቶልኛል።» አዎ፣ በአንድ ሌሊት፣ በስልኩ። ጀርባው ላይ «አንዴ ከጀመሩት የማይለቁት» ብሎ የመሰከረውም ያው ጓደኛ ነው፤ ገጽ 40 ላይ ለቆታል።

ባይለቀው ኖሮ ገጽ 38 ላይ አልቅሰን የቀበርናት የጀግናው አክስት ገጽ 112 ላይ ቡና ስታፈላ ያያት ነበር። እጣኑ ሳይቀር ይጨሳል። ግድ የለም፤ በምርቃቱ ዕለት ሒስ አቅራቢው ምትሃታዊ እውነታዊነት ይለዋል። ሒስ አቅራቢው «መጽሐፉ የደረሰኝ ትናንት ማታ ስለሆነ ሙሉውን አላነበብኩትም» ብሎ ይጀምርና አርባ ደቂቃ ይናገራል። ካነበበው እኮ አምስት ደቂቃም አይበቃውም ነበር፤ ዝም ይል ነበር።

ከምርቃቱ በኋላ አከፋፋይ አለ። መጽሐፉን በኮሚሽን ይወስዳል፤ ሒሳቡ «ሲሸጥ እንተሳሰባለን» ነው። ወር አልፎ ሲደወልለት መጽሐፉ አልተንቀሳቀሰም። ደራሲው በሌላ ሰፈር ሲያልፍ ግን ያው መጽሐፉ አዟሪ ክንድ ላይ ተቀምጧል፤ በታተመው ዋጋ ላይም ሌላ ዋጋ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። የተለጠፈችዋ ልዩነት የማን ኪስ እንደገባች መጠየቅ ነውር ነው፤ ደራሲ ጥበበኛ እንጂ ነጋዴ አይደለም።

በሳምንቱ መጽሐፉ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ይለቀቃል። የቅጂ መብትን የሚጠብቅ አዋጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፣ ቁጥር 410። የጫነውም ሰው ቢሆን ሕግ አክባሪ ነው፤ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ገጽ ሳይቀንስ፣ አስተካክሎ ስካን አድርጎታል።

ከፒዲኤፉ ሥር አንዱ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አክስትየዋ ሞታ አልነበረም እንዴ?» መጽሐፉ በሕይወቱ ያገኘው የመጀመሪያው አርታኢ ይህ ነው፤ ያውም በነፃ። ደራሲው «ምቀኛ» ብሎ መልሶለት አግዶታል። አሁን «ተሻሽሎ የቀረበ ሁለተኛ እትም» እያዘጋጀ ነው፤ ሽፋኑ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተቀይሯል።